22 ወርና ከዚያ ወዲያ፤ የአፍሪካ ዝሆን እርባታና አያያዝ በመካነ አራዊት

በማርች 2000 በአሜሪካ፣ በኢንዲያናፖሊስ ከተማ መካነ አራዊት፣ ኩብዋ የተባለች የአፍሪካ ዝሆን ሴት ግልገል ወለደች። ግልገሏ አማሊ ተባለች። የዝሆን ልደት በመካነ አራዊት ያን ጊዜም ብርቅ ነበር፤ የአማሊን ልደት ግን ከሌሎቹ የለየው የተፀነሰችበት መንገድ ነው። ኩብዋ ከወንድ ዝሆን ጋር አልተገናኘችም። የወንዴው ዘር በሐኪሞች እጅ ገብቶላት ፀነሰች፤ በዚህ ዘዴ ፀንሳ በሰላም የተገላገለች የመጀመሪያዋ የአፍሪካ ዝሆንም ሆነች። በዚያው ዓመት በኦገስት፣ በዚያው ግቢ የምትኖረው አይቮሪ አጃኒ የተባለ ወንድ ግልገል በተመሳሳይ መንገድ ወለደች። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ኩብዋ» በስዋሂሊ ቋንቋ «ትልቅ» ማለት ነው። የዝሆን እናትነትም በሁሉም ረገድ ትልቅ ነው። እናቲቱ ጽንሱን 22 ወር ያህል ትሸከማለች፤ ከአጥቢ እንስሳት ሁሉ ረዥሙ የእርግዝና ጊዜ ይህ ነው። ግልገሉ ሲወለድ 100 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ለዓመታት ይጠባል፤ እናቱም በዱር ብትሆን ቀጣዩን የምትወልደው ከአራት ወይም ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ አንዲት ዝሆን በሕይወት ዘመኗ የምታፈራቸው ልጆች በቁጥር ጥቂቶች ናቸው፤ እያንዳንዱ ልደትም የብዙ ዓመታት ትዕግሥት ውጤት ነው።

በኢንዲያናፖሊስ የተገኘው ውጤት ለሥነ ተዋልዶ ሳይንስ ትልቅ ድል ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ግን ከድሉ ጋር አብሮ የተወለደ ሌላ ጥያቄ እያደገ መጥቷል። ጽንሱ 22 ወር ሞልቶት ከተወለደ በኋላ የሚጠብቀው ሕይወት ምን ዓይነት ነው? ግልገሉን ዝሆን የሚያደርገውስ ምንድን ነው?

ባዶ ማሕፀን

በሃያኛው ክፍለ ዘመን አብዛኛው ዘመን መካነ አራዊት ዝሆን ሲያስፈልጋቸው ከዱር ያስመጡ ነበር። የሚመጡት በአብዛኛው ገና ከእናታቸው ሥር ያልወጡ ግልገሎች ነበሩ፤ ከእነርሱም ሴቶቹ ይመረጡ ነበር፤ ምክንያቱም አዋቂ ወንድ ዝሆንን መያዝ እጅግ አስቸጋሪና አደገኛ ነው። ዱሩ የማይነጥፍ ምንጭ መስሎ በታየበት በዚያ ዘመን ማራባትን አጥብቆ ያሰበበት ጥቂት ነው። የአፍሪካ ዝሆን በመካነ አራዊት ለመጀመሪያ ጊዜ የተወለደው በ1943 በጀርመን ሙኒክ ሲሆን፣ በአሜሪካ አህጉር ደግሞ በ1978 በቴነሲ ግዛት በኖክስቪል ከተማ ነው።

ይህ አሠራር በሴቶቹ አካል ላይ ያስከተለው ጉዳት የታወቀው ዘግይቶ ነው። በዱር የምትኖር ሴት ዝሆን ለአካለ መጠን ከደረሰችበት ጊዜ አንሥቶ ወይ እርጉዝ ናት፣ ወይ ታጠባለች፤ ሳትፀንስ የሚያልፍ የፍሬያማነት ዑደት በሕይወቷ ጥቂት ነው። ያለ ወንድ የምትኖረው የመካነ አራዊት ዝሆን ግን ይኸው ዑደት በዓመት ሦስት ጊዜ ያህል ይመላለስባታል፤ ለዓመታትም ያለ ፍሬ ይቀጥላል። ውጤቱ በማሕፀንና በመራቢያ አካላት ላይ የሚወጣ ዕጢና እብጠት፣ እንዲሁም ያለ ዕድሜ የሚመጣ መካንነት ነው። በዱር ከ50 ዓመቷ በኋላም ልትወልድ የምትችለው ዝሆን፣ በግዞት ቀደም ብላ ሳትወልድ ከቀረች ወደ ሠላሳዎቹ ስትገባ የመውለድ ዕድሏ ይጠብባታል።

ከዚህም የከፋው ዑደቱ ጨርሶ የሚቆምባቸው ዝሆኖች መኖራቸው ነው። በሰሜን አሜሪካ በሚኖሩ የአፍሪካ ዝሆኖች ላይ በተደጋጋሚ የተደረጉ የሆርሞን ምርመራዎች፣ ለመውለድ በደረሰ ዕድሜ ላይ ካሉት መካከል ቁጥራቸው ቀላል ያልሆነ ዝሆኖች ዑደታቸው እንደ ተቋረጠ አሳይተዋል። ከእነርሱም በብዙዎቹ ደም ውስጥ ፕሮላክቲን የተባለው፣ ከወተት ጋር የተያያዘው ሆርሞን ከመጠን በላይ በዝቶ ተገኝቷል። ያልወለደችውን ልጅ የምታጠባ ይመስል፣ አካሏ በሌለ ግልገል ተይዟል ለማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው ደወል

ማራባት ግዴታ ሲሆን መጀመሪያ መመለስ የነበረበት ጥያቄ ቀላል ይመስል ነበር፤ ሴቲቱ የምትፀንሰው መቼ ነው? ላም ኮርማ ስትፈልግ ገበሬው ከጠባይዋ ያውቃታል። ዝሆን ግን ለሰው ዓይን እንዲህ ግልጽ ምልክት አትሰጥም። መልሱ የተገኘው በየሳምንቱ ከሚወሰድ የደምና የሽንት ናሙና ነው። ፕሮጄስትሮን የተባለው ሆርሞን የሚወጣበትና የሚወርድበት ሥርዓት ሲጠና፣ አንዱ ዑደት ከ13 እስከ 17 ሳምንታት እንደሚፈጅ ታወቀ።

በ1990ዎቹ የተገኘው ዕውቀት ደግሞ ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቅ ነበር። በአብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት እንቁላል እንዲለቀቅ የሚያደርገው ሆርሞን በአንድ ዑደት አንድ ጊዜ ብቻ ሽቅብ ይወጣል። በዝሆን ግን ሁለት ጊዜ ይወጣል። የመጀመሪያው እንቁላል አያስለቅቅም፤ ከእርሱ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ የሚመጣው ሁለተኛው ነው የሚያስለቅቀው። ተፈጥሮ ይህን ያደረገችበት ምክንያት ምንም ይሁን ምን፣ ለሐኪሞቹ ግን የመጀመሪያው እንደ ማስጠንቀቂያ ደወል ሆነላቸው። ደወሉ ሲሰማ የሦስት ሳምንት ጊዜ አለ፤ የወንዴው ዘር የሚመጣበት ዝግጅት፣ የሐኪሞቹ ጉዞ፣ የመሣሪያው ሁኔታ ሁሉ በዚያ ጊዜ ይሰናዳል።

የቀረው ችግር የአካሉ ስፋት ነበር። ከውጭ እስከ ማሕፀን በር ያለው መንገድ ከአንድ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ወደ ውስጥ የሚያስገባውም ቀዳዳ ጠባብ ነው። በበርሊን የሚገኘው የመካነ አራዊትና የዱር እንስሳት ምርምር ተቋም ባለሙያዎች፣ በተለይም ቶማስ ሂልደብራንትና ፍራንክ ጎሪትዝ፣ ከአሜሪካ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ለዚህ የሚሆን ዘዴ አበጁ። በአልትራሳውንድ እየተመለከቱ፣ ካሜራ ባለው ረዥም ቀጭን ቱቦ እየተመሩ፣ የወንዴውን ዘር ከሚገባው ቦታ ያደርሱታል። ይህ ሁሉ ሲሆን ዝሆኗ ቆማ ትጠብቃለች። ዘዴው መጀመሪያ የተሳካው በ1999 በሚዙሪ ግዛት በስፕሪንግፊልድ ከተማ፣ በእስያ ዝሆን ላይ ነው፤ ኩብዋ የወለደችው ከዚያ በኋላ በጥቂት ወራት ነው።

ዕውቀቱ ከዚያ በኋላም አልቆመም። በሴፕቴምበር 2013 በኦስትሪያ ዋና ከተማ ቪየና፣ በሾንብሩን መካነ አራዊት፣ ቶንጋ የተባለች ዝሆን ኢክዋ የተባለች ሴት ግልገል ወለደች። የኢክዋ አባት በደቡብ አፍሪካ ዱር የሚኖር ነፃ ዝሆን ነው። ዘሩ በማደንዘዣ ከተኛበት ተወስዶ በበረዶ ቅዝቃዜ ተጠብቆ ባሕር ተሻገረ፤ እርሱ ግን ከሀገሩ አልተነቀለም። ሁለቱ ወላጆች በአንድ አህጉር እንኳ አልተገናኙም። የዱሩን ደም ለመጋራት የዱሩን እንስሳ መማረክ እንደማያስፈልግ ይህ ልደት አሳየ። ዘረመሉ ለጠበበ የመካነ አራዊት ትውልድ ከዚህ የተሻለ ተስፋ አልነበረም።

አቡ

በዚያው በሾንብሩን ከኢክዋ አሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ በኤፕሪል 2001፣ አቡ የተባለ ወንድ ግልገል ተወልዶ ነበር። እናቱ ሳቢ ትባላለች። በአውሮፓ በሰው ሠራሽ ማዳቀል የተወለደ የመጀመሪያው ዝሆን እርሱ ነው። የቪየና ሕዝብ ወደደው፤ ሊያየውም ጎረፈ።

በፌብሩዋሪ 2005፣ አራት ዓመት ሳይሞላው፣ አቡ የሚንከባከበውን ሰው ወጋና ገደለው።

አንድ አደጋ ብቻውን ለአጠቃላይ ሕግ ማስረጃ አይሆንም። የሟቹም ሐዘን የማንም መከራከሪያ ሊሆን አይገባም። ነገር ግን ይህ ሞት ብቸኛ አልነበረም። በ1991 በሳን ዲዬጎ፣ በ2002 በፒትስበርግ፣ እንዲሁም በሌሎች ከተሞች ዝሆኖችን ከልብ የሚወዱ፣ ጠባያቸውንም ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች በዝሆን ተገድለዋል። የዝሆን ተንከባካቢነት በመካነ አራዊት ካሉት ሥራዎች ሁሉ አደገኛው እንደሆነ ይታወቃል። አደጋውንም የወለደው በአብዛኛው የአያያዙ ሥርዓት ነበር።

የቀድሞው አያያዝ ሰውየው ከዝሆኖቹ መካከል ገብቶ፣ ጫፉ ቆልማማ ብረት የሆነ ዱላ ይዞ፣ ራሱን እንደ መንጋው አለቃ በመቁጠር የሚያዝበት ነበር። ዝሆኗ የምትታዘዘው ስለምትፈራም ስለምትወድም ነው። ፍርሃትና ፍቅር በአንድ ገመድ የተገመዱበት ይህ ግንኙነት ለዓመታት ሊጸና ይችላል፤ የሚበጠሰው ግን በአንድ ቅጽበት ነው። ወንዱ ግልገል ደግሞ እያደገ ሲሄድ ከእርሱ ጋር ያሉትን ሁሉ በግፊያ ይፈትናል። በዱር የሚፈትናቸው ቶን የሚመዝኑ አክስቶቹንና ታላላቆቹን ነው፤ እነርሱም ይገሥጹታል። ሰው መካከላቸው ከቆመ ግን ፈተናው በሰው ላይ ይወድቃል።

ከ1991 የሳን ዲዬጎ አደጋ በኋላ በዚያው የተጀመረው አዲስ ሥርዓት ሰውየውን ከአጥሩ ውጭ አቆመው። ተንከባካቢው በረዥም ዘንግ ጫፍ ላይ ያለ ኳስ ያሳያል፤ ዝሆኗ በግንባሯ ወይም በእግሯ ስትነካው ፍራፍሬ ትሸለማለች። ካልፈለገች ትታ ትሄዳለች፤ ስለ እምቢታዋም አትቀጣም። በ2011 የአሜሪካ መካነ አራዊትና አኳሪየሞች ማኅበር አባላቱ ሁሉ እስከ 2014 ድረስ ወደዚህ አያያዝ እንዲዞሩ ወሰነ። ብዙዎች ሕክምና ይስተጓጎላል ብለው ሠግተው ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ዝሆኖቹ እግራቸውን በአጥሩ ክፍተት እያወጡ ያስመረምራሉ፤ ጆሮአቸውን አስጠግተው ደም ያስቀዳሉ። የሲሚንቶ ወለል የጎዳው የዝሆን እግር የየዕለት እንክብካቤ የሚያስፈልገው ስለሆነ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። መታዘዝ በፈቃድ ሲተካ ሥራው አልተጓደለም።

ወንዶቹ ወዴት ይሂዱ?

ከተወለዱት ግልገሎች ግማሽ ያህሉ ወንዶች ናቸው። በዱር ወንዱ ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ ከእናቱ መንጋ ወጥቶ ከሌሎች ወንዶች ጋር ይውላል። ጎልማሳ ሲሆን «መስት» የሚባለው ሁኔታ በየጊዜው ይነሣበታል፤ ከዓይኑና ከጆሮው መካከል ካለው ዕጢ ፈሳሽ ይወርዳል፣ ሽንቱ ያለማቋረጥ ይንጠባጠባል፣ የወንድነት ሆርሞኑ እጅግ ይጨምራል፣ ቁጣውም ይበረታል። ይህን እንስሳ የሚችል በረት ውድ ነው፤ ስለዚህም የተወለደ ወንድ ሁሉ ቦታ አያገኝም።

ወጣት ወንድ ያለ ታላላቆች ሲያድግ የሚሆነውን የደቡብ አፍሪካው ፒላንስበርግ ብሔራዊ ፓርክ አሳይቷል። ወደዚያ የተዘዋወሩት ወጣት ዝሆኖች ከክሩገር ብሔራዊ ፓርክ የመጡ፣ ቤተሰቦቻቸው በቁጥር ቅነሳ የተገደሉባቸው ነበሩ። ወንዶቹ ሲያድጉ ያለ ዕድሜያቸው መስት ውስጥ እየገቡ ለረዥም ጊዜ ይቆዩበት ጀመር፤ በ1990ዎቹም በርካታ ነጭ አውራሪሶችን ገደሉ። በ1998 ከክሩገር ስድስት ትልልቅ ወንዶች መጥተው ሲቀላቀሏቸው የወጣቶቹ መስት አጠረ፤ ግድያውም ቆመ። ማንም አላሠለጠናቸውም፤ የአውራዎቹ መኖር ብቻ በቂ ሆነ።

ይህ ትምህርት ለመካነ አራዊት ቀጥተኛ ትርጉም አለው። ወንድን ዘር ለማግኘት ብቻ የሚቀመጥ፣ በቀረው ጊዜ ለብቻው የሚታሰር እንስሳ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነበር። ዛሬ የተሻሉት ተቋማት ወጣት ወንዶችን ከጎልማሶች ጋር በአንድ ግቢ ያኖራሉ፤ ወንዱም ጊዜው ሲደርስ ከሴቶቹ ጋር የሚገናኝበትን በር ይከፍታሉ።

ቁጥሩና መንጋው

በ2008 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት ክርክሩን አጋጋለው። አጥኚዎቹ በአውሮፓ መካነ አራዊት የኖሩ ዝሆኖችን መዝገብ መርምረው፣ በዚያ የተወለዱ ሴት የአፍሪካ ዝሆኖች መካከለኛ ዕድሜ 16.9 ዓመት ሆኖ አገኙት። በኬንያ አምቦሴሊ በተፈጥሮ ሞት ብቻ የሚሞቱት ግን 56 ዓመት ይኖራሉ፤ በሰው የተገደሉት ሲደመሩ እንኳ 35.9 ነው። ተቺዎች መዝገቡ የቀድሞውን መጥፎ አያያዝ ዘመን ያካተተ መሆኑን ጠቅሰው ተከራከሩ፤ ጥናቱም ራሱ በኋለኞቹ ዓመታት መሻሻል መኖሩን አልካደም። ሆኖም በልዩነቱ ስፋት የተነሣ ጉዳዩን ችላ ብሎ ማለፍ ከዚያ ወዲህ አልተቻለም።

ቁጥሩ አንድ ሌላ በርም ዘጋ። የሚሞቱት ከሚወለዱት ከበለጡ የጎደለውን ከዱር መሙላት የቀድሞው ልማድ ነበር። በ2003 ከስዋዚላንድ፣ ከዛሬዋ ኤስዋቲኒ፣ 11 ዝሆኖች ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ 7ቱ ወደ ሳን ዲዬጎ፣ 4ቱ ወደ ታምፓ። በ2016 ደግሞ 17 ሌሎች ወደ ዳላስ፣ ኦማሃና ዊቺታ ተጫኑ። ላኪዎቹ የፓርኩ ግጦሽ ዝሆኖቹን መሸከም አቅቶታል ሲሉ፣ ተቃዋሚዎች ጉዳዩን እስከ ፍርድ ቤት አደረሱት። በኦገስት 2019 ሳይተስ በመባል የሚታወቀው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ የንግድ ስምምነት አባል ሀገራት፣ ከዚምባብዌና ከቦትስዋና ዱር የሚያዙ ዝሆኖች ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር በተፈጥሮ ከሚኖሩበት የአፍሪካ ምድር ውጭ እንዳይላኩ ወሰኑ። ከዚያ ወዲህ መካነ አራዊት የዝሆን ባለቤት ሆነው ለመቀጠል ከፈለጉ ዋናው መንገድ የራሳቸውን ማራባት ነው።

በ2003 ወደ ሳን ዲዬጎ የገቡት ሰባቱ ዝሆኖች ታሪክ በዚህ ላይ የሚጨምረው ነገር አለ። ከሀገራቸው መነቀላቸው ትክክል ነበር አልነበረም የሚለው ክርክር ዛሬም አልተዘጋም። የመጡት ግን ወንድም ሴትም በአንድነት፣ በወጣትነት ዕድሜያቸው ነበር። ሰፊ ግቢ ተሰጣቸው፤ አብረውም ኖሩ። ከ2004 ጀምሮ በዚያ ግቢ ከአሥር በላይ ግልገሎች ተወልደዋል። ግልገል አክስቱ ስትወልድ አጠገቧ ቆሞ አይቷል፤ ወጣቷ ሴት ራሷ ከመውለዷ በፊት የሌላዋን ልጅ ጠብቃለች። ብቻዋን ያደገች ዝሆን የመጀመሪያ ልጇን ስታይ ልትደነግጥ፣ አልፎ ተርፎም ልትመታው እንደምትችል ለሚያውቅ ባለሙያ የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው። እናትነት ከማሕፀን ብቻ አይወጣም፤ በማየትም ይወረሳል።

በአምቦሴሊ በሲንቲያ ሞስ መሪነት በ1972 የተጀመረው ጥናትም ይህንኑ ከሌላ አቅጣጫ ያስረዳል። በ2001 በወጣ ውጤት መሠረት፣ በዕድሜ የገፋች እማወራ የምትመራው መንጋ ወዳጅን ከባዕድ በድምፁ የመለየት ችሎታው የላቀ ነው፤ በየሴቷ የሚያፈራቸው ልጆችም ይበዛሉ። አሮጊቷ ራሷ መውለዷን ብታቆም እንኳ የሌሎቹ ልጆች የሚያድጉት በእርሷ ዕውቀት ነው። በባቢሌ መጠለያ፣ በማጎ፣ በኦሞና በጨበራ ጩርጩራ ነፃ መንጋ ለቀራት ኢትዮጵያም ነገሩ ሩቅ አይደለም። ለጥርሷ ተብላ የተገደለች አንዲት እማወራ በአንድ ግልገል ልደት አትተካም፤ በግልገሉና በእርሷ መካከል የሃምሳ ዓመት ትምህርት አለ።

ኩብዋ ዳግመኛ

ኩብዋ ከአማሊ በኋላም ወለደች። በ2011 የተወለደችው ካሊና ልጇ ናት። በማርች 2019፣ አማሊ በተወለደች በ19ኛው ዓመት፣ በኢንዲያናፖሊስ በአንድ ሳምንት ጊዜ ውስጥ ሁለት ወጣት ዝሆኖች ሞቱ። መጀመሪያ በ2012 የተወለደችው ኒያህ፣ ከዚያም ካሊና። የገደላቸው የዝሆን ሄርፒስ ቫይረስ ነው።

ቫይረሱ ለሳይንስ የተገለጠው በ1999 ነው። አዋቂ ዝሆኖች ሳይታመሙ ተሸክመውት ይኖራሉ፤ በዱር ያሉትም ጭምር። ከእናታቸው ያገኙት የመከላከል አቅም ሲያልቅባቸውና የራሳቸው ገና ሳይጠነክር የሚገኙ ግልገሎች ላይ ሲነሣ ግን ቀጭን የደም ሥሮቻቸውን ይበላሻል፤ ደም ወደ ውስጥ ይፈስሳል። ትናንት ሲጫወት የነበረ ግልገል በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። ለረዥም ጊዜ በሽታው የእስያ ዝሆኖች ጠላት ብቻ ተደርጎ ይታሰብ ነበር፤ የኒያህና የካሊና ሞት የአፍሪካዎቹንም ግልገሎች ከሥጋት ነፃ እንዳልሆኑ በግልጽ አሳየ።

በሽታውን በጊዜ ለመያዝ ያለው መንገድ ምልክት ከመታየቱ በፊት በደም ውስጥ መፈለግ ነው። ስለዚህ ግልገሎች በየጊዜው ደም ይቀዳሉ። ቫይረሱ ከተገኘ ፀረ ቫይረስ መድኃኒት ይሰጣቸዋል፤ ከአዋቂ ዝሆኖች የተወሰደ የደም ፈሳሽም ይለገሳቸዋል። ይህን ማድረግ የሚቻለው ግልገሉ በፈቃዱ ወደ አጥሩ መጥቶ ጆሮውን የሚያስጠጋ ከሆነ ነው። በሽልማት የተመሠረተው አያያዝ እዚህ ላይ ሕይወት ያድናል። በ2024 በሂዩስተን ከተማ መካነ አራዊት ከቤይለር የሕክምና ኮሌጅ ጋር የተዘጋጀው የመጀመሪያው ክትባት ለአንዲት የእስያ ዝሆን ተሰጥቷል፤ ይህም ተስፋ ነው።

ኩብዋ እንግዲህ የዚህን ሳይንስ ድልም ገደቡንም በአንድ ሕይወት አይታለች። ልጇን በሰው ጥበብ አገኘች። ሌላዋን ልጇን ያ ጥበብ ሊያድናት አልቻለም።

ክብ

በኤፕሪል 14፣ 2025 በደቡብ ካሊፎርኒያ መሬት ተንቀጠቀጠ፤ መጠኑ 5.2 ነበር። በሳን ዲዬጎው ግቢ ያለ ካሜራ ዝሆኖቹን ቀርጿል። መጀመሪያ ተበታትነው ሮጡ። ከዚያ ንድሉላ፣ ኡምንጋኒና ኮሲ የተባሉት ትልልቅ ሴቶች ተመልሰው ተሰባሰቡ፤ በ2018 የተወለዱትን ዙሊንና ምካያን ወደ መካከል አስገብተው፣ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረው፣ ጆሮአቸውን ዘርግተው ቆሙ። ወንዱ ዙሊ ከክቡ ጠርዝ ላይ መቆምን መረጠ፤ ጎልማሳ ለመምሰል ሳይፈልግ አልቀረም። ኮሲ በኩምቢዋ ደጋግማ ጀርባውን ነካ ነካ አደረገችው።

ንድሉላና ኡምንጋኒ በ2003 ከስዋዚላንድ ከመጡት ናቸው። ያንን ክብ ተንከባካቢ አላስተማራቸውም። በልጅነታቸው ከሀገራቸው ይዘውት የመጡት፣ በግቢውም ለልጆቻቸው ያቆዩት ነው። ከአጥር ጀርባ ያለ መንጋ የዱር መንጋ አይደለም፤ አጥሩም ቢሰፋ አጥር ነው። ነገር ግን የመካነ አራዊት እርባታ ተገቢ መሆን አለመሆኑ የሚመዘነው በዓመቱ መጨረሻ በተቆጠሩ ልደቶች ከሆነ ሚዛኑ የተሳሳተ ነው። ሆርሞኑን መለካት፣ ዘሩን ማቀዝቀዝ፣ ጽንሱን በአልትራሳውንድ መከታተል ሁሉ ለ22 ወር የሚበቃ ዕውቀት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሃምሳና የስልሳ ዓመት ሥራ የሚችለው እናት፣ አክስት፣ አያትና አውራ ወንድ ያሉበት መንጋ ብቻ ነው። ይህን መንጋ ለማኖር ቦታውም ገንዘቡም ትዕግሥቱም ያለው ተቋም ዝሆን ያስወልድ፤ የሌለው ግን ያሉትን በክብር እያስረጀ ሌላ ባያስወልድ ይሻላል።